ለረጅም መንገድ ስንቅ መያዝ አለማመን ነውን?

የዛሬው ጥያቄያችን "አማኝ ሐኪም ቤት ይሄዳል ወይስ አይሄድም?" የሚል አይደለም። ይህን አብዛኞቻችን በተግባር ከመለስነው ቆይተናል። ራሳችንን ሲያመን ክኒን እንውጣለን፤ ጥርሳችንን ሲያመን ቀጠሮ እንይዛለን፤ "እምነትህ የት አለ?" ብሎ የሚጠይቀን የለም። የዛሬው ጥያቄ ከዚህ ጠበቅ ያለ ነው። እግዚአብሔር ዛሬ ማታ እንዲፈውሳት ከቅዱሳን ጋር ተንበርክካ የለመነች እህት፣ ነገ ጠዋት ለወራት የሚያገለግል የሕክምና ዕቃ በደረቷ ውስጥ ብታስተክል፣ ማታ የጸለየችውን ጸሎት ጠዋት በገዛ እጇ አፈረሰች ማለት ነውን?

ጥያቄው የተነሣው እዚህ አሜሪካ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላት አንዲት እህታችን የጡት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሞቹ የኬሞ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ፖርት የሚባለው ዕቃ እንዲተከልላት ነገሯት። ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ያለችኝም ይህ ነው፦ "ኬሞውን እሺ ለማለት አልከበደኝም። የከበደኝ ፖርቱ ነው። ኬሞ በማንኛውም ቀን ሊቆም ይችላል። ፖርቱ ግን 'ይህ በሽታ ገና ይቆያል' ብዬ የምፈርምበት ወረቀት መሰለኝ።" በዚያው ሳምንት አብሯት የጸለየ አንድ ሰው "እምነትሽን በብረት አትተኪው" አላት። ቃሉ አጭር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሣ ግን እንዲህ ያለ አጭር ቃል ነው።

መልስ ከመፈለጋችን በፊት የምንነጋገርበትን ነገር እንወቀው። ፖርት ከቲታኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ትንሽ ክዳን የሚያህል ዕቃ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአንገት አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ከደረት ቆዳ ሥር ይቀመጣል። ከእርሱ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ በትልቅ ደም ሥር ውስጥ አልፎ ልብ አጠገብ ይደርሳል። የዕቃው አናት በሲሊኮን የተሸፈነ ስለሆነ ነርሷ ልዩ መርፌ በቆዳው ላይ ትወጋና መድኃኒቱን ትሰጣለች፤ መርፌው ሲነቀል ሲሊኮኑ ራሱን ይዘጋል። ይህ ብዙ መቶ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ለመትከል ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ አካባቢው ይደነዝዛል፣ ሕመምተኛዋም በአብዛኛው በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሕክምናው ካበቃ በኋላ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ለምን አስፈለገ? አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች በደም ሥር ውስጥ እያሉ ይፈውሳሉ፤ ከደም ሥር ወጥተው ሥጋ ውስጥ ከፈሰሱ ግን ያቃጥላሉ። ለጡት ካንሰር በብዛት የሚሰጠው ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀይ መድኃኒት ከእነዚህ አንዱ ነው። የክንድ ደም ሥር ደግሞ ቀጭን ነው፤ በተደጋጋሚ ሲወጋ ይደክማል፣ ይደነድናል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። በልብ አጠገብ ያለው ደም ብዙና ፈጣን ስለሆነ መድኃኒቱን ወዲያው ያቀጥነዋል። ቀድሞ የነበረው መፍትሔ ጫፉ ከቆዳ ውጭ የሚንጠለጠል ቱቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ኒደርሁበር የሚባሉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ሥር ስለሚቀመጠው ዕቃ ጽፈው አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛው በሕክምና ቀኖች መካከል ገላውን ታጥቦ፣ ልብሱን ለብሶ፣ እንደ ሰው ወጥቶ የሚገባበት መንገድ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። "ብረት" ስንል የምንነቅፈው ዕቃ ሥራው ይህ ነው፤ የእህታችንን ክንድ ከቃጠሎ ይጠብቃል።

ብዙዎቻችን ቶሎ የምንሰጠው መልስ የገበሬው ምሳሌ ነው። ገበሬ ዝናብ ይለምናል፣ ማሳውንም ያርሳል፤ ጸሎትና ሥራ አይጣሉም እንላለን። ምሳሌው መልካም ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ግን በቂ አይደለም። ገበሬው ሲያርስ የሚዘጋጀው ለለመነው ዝናብ ነው። እህታችን ፖርት ስታስተክል የምትዘጋጀው ግን የለመነችው ፈውስ ዛሬ ማታ ባይመጣ ለሚሆነው ነው። "ይሁንልኝ" ብሎ ለምኖ "ባይሆንስ" ብሎ መሰናዳት! የነቃፊዎቹ ክርክር ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ልብ መሆን ይመስላልና። ስለዚህ ከገበሬው የተሻለ ምሳሌ ያስፈልገናል።

በትንቢተ ኤርምያስ 28 እና 29 ያለውን ታሪክ አስቡ። የይሁዳ ሰዎች ወደ ባቢሎን ተማርከዋል። ሐናንያ የሚባለው ነቢይ በሕዝቡ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል አለ። ኤርምያስ መልሱን የጀመረው በአሜን ነበር። ጌታ እንዲህ ቢያደርግ እርሱም ይወድ ነበር፤ ቶሎ መመለስን የሚጠላ ሰው የለም። ነገር ግን ሐናንያ የተናገረው ከእግዚአብሔር አልነበረም። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውንም እንዲድሩ ነገራቸው። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ከሰባ ዓመት በኋላ እንደሚመለሱ የተስፋው ቃል አለ።

ልብ በሉ፤ በባቢሎን መሠረት የቆፈረ ሰው ኢየሩሳሌምን አልካደም። የተስፋውን ቃል የሰጠው አምላክ ራሱ ነው ቤት ሥራ ያለው። ተስፋውን የጎዳው የኤርምያስ ደብዳቤ አልነበረም፤ የሐናንያ ቀን ቆረጣ ነበር። ሐናንያን ያመነ ሰው ቤት ሳይሠራ ሁለት ዓመት በድንኳን ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ግን ቤትም የለው፣ እምነትም አይተርፈው።

ከዚህ የምንማረው መለየት ያለበትን መለየት ነው። እምነት ሌላ፣ ትንበያ ሌላ ነው። እምነት በአንድ አካል ላይ መደገፍ ነው፤ እግዚአብሔር መልካምና ታማኝ ነው፣ ነፍሴም ሥጋዬም በእጁ ናቸው ማለት ነው። ትንበያ ደግሞ ነገሩ በዚህ ቀን፣ በዚህ መንገድ ይሆናል ማለት ነው። ጌታ ቀኑን ካልነገረን ቀኑን መቁረጥ እምነትን አያበዛውም። "ዛሬ ፈውሰኝ" ብላ የምትለምን እህት ልመናዋ እውነተኛ ነው። "ነገ ካልሆነም ከእጅህ አልወጣም" ብላ ፖርት የምታስተክል እህትም ያችው ናት፤ ልቧ አልተከፈለም። ልቧ የሚከፈለው አንድ ቀን በጌታ፣ ሌላ ቀን በራሷ የእምነት መጠን ላይ ስትደገፍ ነው።

"ግን የተስፋ ቃል የተነገራት ቢሆንስ? በግልጽ ትፈወሻለሽ ተብላ ቢሆንስ?" የሚል አይጠፋም። ለዚህ የንጉሥ ሕዝቅያስ ታሪክ አለ። በ2ኛ ነገሥት 20 ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፤ አልቅሶ ጸለየ። ኢሳይያስ ከግቢው ሳይወጣ ቃል መጣለት፤ ንጉሡ ይፈወሳል፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ይወጣል፣ አሥራ አምስት ዓመትም ይጨመርለታል። ከዚህ የጠራ የተስፋ ቃል ከወዴት ይገኛል? ከዚያ በኋላ ግን ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡና በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ ተስፋው ቀድሞ መጣ፣ በለሱ ተከተለ። በለሱ የተስፋው ጠላት አልነበረም፤ መንገዱ ነበር። "ቃል ከተሰጠኝ በለስ ለምኔ" ማለት ለሕዝቅያስ ይቀለው ነበር። ያ ግን የበለጠ እምነት ሳይሆን ለነቢዩ አለመታዘዝ ይሆን ነበር።

የተቃራኒው ወገን የሚጠቅሰውን ንጉሥም እንዳንሸሸው። በ2ኛ ዜና መዋዕል 16 ንጉሥ አሳ እግሩን በጽኑ ታመመ፤ እግዚአብሔርን ሳይሆን ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ ተብሎ ተወቀሰ። ምዕራፉን ከላይ ጀምሮ ያነበበ ሰው ግን የአሳ ችግር ከእግሩ በፊት እንደጀመረ ያያል። አስቀድሞ ከቤተ መቅደሱ ብርና ወርቅ አውጥቶ የሶርያን ንጉሥ እርዳታ ገዛ፤ ስለዚህ የገሠጸውን ባለ ራእይ ወኅኒ አስገባ። ሐኪሞቹ ጋ የደረሰው ከጌታ ፊቱን ካዞረ በኋላ ነበር። ተግሣጹ ለእኛም ነው። ጸሎትን ትታ የምርመራ ውጤት ብቻ እየቆጠረች የምትኖር ነፍስ አደጋ ላይ ናት። ሆኖም አሳን የጎዳው ጌታን አለመፈለጉ ነው፤ መድኃኒት በአጠገቡ መኖሩ አልነበረም።

አሁን ወደ ሌላ፣ ከበድ ወዳለ ነገር እንግባ። "ኬሞ መርዝ ነው፤ እግዚአብሔር በመርዝ አይፈውስም" የሚሉ አሉ። መርዝ መሆኑ እውነት ነው፤ ታሪኩ ደግሞ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአገራችን ወታደሮችና ገበሬዎች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለውን መርዝ አዘነቡ። ቆዳ አቃጠለ፣ ዓይን አጠፋ፣ ወንዝና ግጦሽ መረዘ። ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለዚህ ግፍ ተናገሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የዚያ መርዝ የቅርብ ዘመድ የሆነ ውሕድ ያጠኑ ነበር። መርዙ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያመናምን ስላዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 በካንሰር በጠና ለታመመ ሰው ተሰጠው። እብጠቱ ቀነሰ፤ በሽታው በኋላ ተመልሶ ቢገድለውም አዲስ በር ተከፈተ። ሥራው በጦርነቱ ምክንያት በምሥጢር ተይዞ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። እህታችን በፖርቷ ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ይባላል፤ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው።

ይህን ሰምተን ምን እንበል? አንዱ ስሕተት "እንግዲያው መርዙ የተሠራው ለበጎ ነበር" ማለት ነው። አይደለም። በተከዜ አካባቢ የተቃጠሉት ሰዎች ለማንም መድኃኒት ተብለው አልሞቱም፤ ግፉ ግፍ ነው፣ በኋላ የተገኘ ጥቅም ንጹሕ አያደርገውም። ሌላው ስሕተት "ከክፉ የመጣ ስለሆነ አልነካውም" ማለት ነው። ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ሲላቸው የእነርሱን አሳብ ክፉ ከማለት አልተመለሰም፤ እግዚአብሔር ያንኑ ለብዙ ሰው ሕይወት ማዳን እንዳዋለውም አልካደም። ሁለቱን እውነቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው። እኛም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። በክፋት እጅ የወደቀውን ነገር ከክፋት ነጥቆ ለሕይወት ማዋል፣ መስቀልን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም።

ደግሞ አንድ ነገር እናስብ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኬሞ የሚወስዱ ብዙ እህቶች ፖርት የላቸውም፤ በክንዳቸው ደም ሥር ነው የሚወስዱት። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ይሰጥ ነበር፤ ሰዎች ከሩቅ መጥተው ተራ ይጠብቁ ነበር። ፖርት ማስተከል አለማመን ከሆነ ዕቃው የሌለበት አገር ሰው ሁሉ ያለ ምርጫው የእምነት ጀግና ሊሆን ነው፤ ዕቃው ያለበት አገር ሰው ደግሞ ሁሉም ደካማ። እምነት ግን በሆስፒታል ዕቃ ክፍል አይለካም። አዲስ አበባ ያለችው እህት ደም ሥሯ እየጠፋ ጌታን ታመሰግናለች፤ እዚህ ያለችው በፖርቷ እየወሰደች ታመሰግናለች። የመጀመሪያዋ ዕድሉን ብታገኝ ደስ ብሏት ትቀበለው ነበር። ያገኘነውን እንደ ጉድለት ከመቁጠር ላላገኙት መጨነቅ ይሻለናል።

ይህን ስል ፖርትን ላመልክ አይደለም። ዕቃው ሊመረዝ ይችላል፤ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ አንዳንዴም ከጊዜው በፊት መውጣት ግድ ይሆናል። ሕክምናው ራሱ ሁሉንም አያድንም። ሐኪሞች ዕድሉን በመቶኛ ይናገራሉ እንጂ የሰውን ዕድሜ በእጃቸው አልያዙም። በሽታው ከሕክምና በላይ ሆኖ "እንግዲህ ይበቃኛል፤ የቀረኝን ጊዜ ከቤተሰቤ ጋር ልሁን" የምትል እህትም አለማመኗን አላሳየችም። ሸክሙንና ጥቅሙን መዝና፣ ሐኪሟን አማክራ፣ በሰላም ወስናለች። ልንፈራው የሚገባው ሌላ ዓይነት እምቢታ ነው፤ ሊድን የሚችል ሰው እምነቱን ለሰው ለማሳየት ሲል ሕክምናውን የሚያቋርጥበት። ካንሰር የጠፋን ወር አይመልስም። በጉባኤ ፊት "ፖርቱን አስወጪው፣ ያኔ ማመንሽ ይታወቃል" ብሎ የተናገረ ሰው ቃሉ ያስከተለውን ነገር ብዙ ጊዜ ሳያይ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከሕመምተኛዋ ጋር የምትቀረው እናቷ ናት።

"ጌታ በእርግጥ ፈውሷት ቢሆንስ?" ብትሉ፣ ደስታችን ወሰን የለውም፤ ምርመራውም ያሳየዋል። ጌታ ለምጻሞችን ሲያነጻ ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ነግሯቸዋል። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም። ሐኪሙ አይቶ "አያስፈልግሽም" ሲላት ፖርቱ ይወጣል፤ እኛም እልል እንላለን። እስከዚያ ድረስ በደረቷ ውስጥ መቆየቱ ጌታን አያሳፍረውም። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ሐኪሞች ለጥቂት ጊዜ ይቆይ ሊሉ ይችላሉ፤ በየወሩ ወይም በየጥቂት ወራቱ እየታጠበ። ያኔም "አሁንም ትጠራጠሪያለሽ?" ብለን አንጠይቃት።

የወጣት ኅብረቶች ሆይ፣ ይህ ክርክር ወደ ተግባር ካልወረደ ጥቅም የለውም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው አብዛኛውን ጊዜ የሰሚውን አፍ ፈርቶ ነው። እህታችን ለብዙ ሳምንታት በአንገቷ ዙሪያ ሻሽ ትጠመጥም ነበር። ብርድ ሆኖ አይደለም፤ ከቆዳዋ ሥር ከፍ ያለውን ቦታ አይቶ የሚጠይቃት እንዳይኖር ብላ ነው። የእግዚአብሔር ቤት ሻሽ የሚወልቅበት ቦታ መሆን ነበረበት።

ስለዚህ እነዚህን ልብ እንበል። ሕመምተኛን መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ኬሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ተራ ጉንፋን ሆስፒታል ሊያስገባት ይችላል። ሃያ ሆናችሁ አትሂዱ፤ ሁለት ሁኑ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ካላችሁበት ሳል ጋር ከሆነ በስልክ ጸልዩ። ስታቅፏት ፖርቱ ያለበትን ወገን ጠይቁ። ተፈውሳ እንደሆነ በየሳምንቱ አትጠይቋት፤ ጥያቄው ፈተና ይሆንባታል። "ምን ኃጢአት ተገኝቶ ይሆን?" የሚለውንማ የኢዮብ ወዳጆች ተናግረውት እግዚአብሔር ተቆጥቷቸዋል፤ እኛ መድገም አያስፈልገንም።

ስንጸልይላትም ሙሉ ጸሎት እንጸልይ። ቀኑን ለጌታ ትተን ሙሉ ፈውስ እንለምን፤ ዛሬም ቢሆን ይችላልና። ፖርቱን ለምትነካው ነርስ እጅ፣ በቱቦው ለሚያልፈው መድኃኒት፣ ከኬሞው በኋላ ላሉት ክፉ ሦስት ቀናትም በዚያው ጸሎት እንለምን። "አሜን" ካልን በኋላ ወዲያው አንበተን፤ ሐሙስ ወደ ሕክምናዋ ማን እንደሚያደርሳት፣ ዓርብ ማን ሾርባ እንደሚወስድላት እዚያው ተነጋግረን እንለያይ።